በወፍጮ ቤት የተረጨ ነጭ ቀለም

እስከ ዛሬ ለራሴ ጉዳይ ምንም ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት ሁሉ የሰው ደብዳቤ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች ጎረቤት ለወታደር ልጇ የምትለውን ስትነግረኝ እኔ እጽፍላታለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ግን ልሞክር ብያለሁ። የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ አልበረደም። አምቦ ገበያ ውስጥ ሳልፍ እስከ አሁን “የጤና ጣቢያውን ዕቃ ያበላሸችው ልጅ” እያሉ የሚጠቋቆሙብኝ አሉ። እንዴት እንደነበር አንዴ በሥርዓቱ መናገር እፈልጋለሁ።

የምሠራው በከተማችን በነበረ የእንጨት ሥራ ማኅበር ነበር። ከአብዮቱ በፊት በየደጃፋቸው ይሠሩ የነበሩ አናጢዎች ተሰብስበው ያቋቋሙት ነው። ወንዶቹ ይቆርጣሉ፣ ይልጋሉ፣ ይገጥማሉ። እኛ ሦስት ሴቶች ቀዳዳውን በስቱኮ እንደፍናለን፣ በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፣ በጨርቅ ቫርኒሽ እንቀባለን። ወንዶቹ አባላት ናቸው፤ እኛ የቀን ሠራተኞች ነን። አባል ለመሆን ሙያ ያስፈልጋል ይባላል፤ ማለስለስ ደግሞ ሙያ አይደለም ይባላል። ጠረጴዛ የገዛ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ የሚነካው የእኛን ሥራ ነው፤ ይህን ግን ማንም አያስበውም። አባል የሆነ ሰው ሥራ ሲቀዘቅዝ “ነገ አትምጣ” አይባልም። እኔ በክረምት ስንት ቀን በዝናብ መጥቼ ከበር ተመልሻለሁ። እናቴ ታማ አልጋ ላይ ስለዋለች ቤታችን የሚያድረው በእኔ እጅ ነበር። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሜ በአባላት መዝገብ ላይ እንዲገባ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ሁላችንም “ኦቦ” እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው። እሳቸው እኔን “ኢንተላ ኮ” ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጎጆ የምትባለው የደጋ ከተማ ሰው ስለሆኑ ብርዱ የማይሰማቸው ይመስል በሐምሌ በሸሚዝ ይሠራሉ። “እጅሽ ያያል፤ ዓይንሽን አትመኚው” ይሉኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ሳንቃውን ዳብሼ የቀረውን እብጠት እንዳገኝ ያለማመዱኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ የእጃጂ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ቁም ሳጥኖችና ኮመዲኖዎች እንዳዘዘ ነገረን። ሁሉም በነጭ ዘይት ቀለም ይሁን፣ እንደ ሳህን ይለስልስ፣ ሲታጠብ ቆሻሻ የሚይዝበት መስመር አይኑርበት ተብሏል። በብሩሽ የተቀባ ቀለም ደግሞ የብሩሹን መስመር ያስቀራል። ኦቦ “ይህ በብሩሽ አይሆንም፤ መርጫ ያስፈልጋል” አሉ። ሊቀመንበሩም ተስማማ። ያን ቀን በሁሉም ፊት “መርጫውን የሚይዝ ሰው ሙያተኛ ነው፤ ይህ ሥራ ካማረ አባል እናደርገዋለን” ሲል ሰምቻለሁ። እንዳልተሳሳትኩ ኦቦም ያውቃሉ።

መርጫውን ለመግዛት ሊቀመንበሩ፣ ኦቦና እኔ በጠዋት አውቶቡስ አዲስ አበባ ወረድን። እኔን ያስወሰዱኝ ኦቦ ናቸው። “የምትይዘው እሷ ናት፤ ጫማ ያለ እግር አይገዛም” አሉት። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ኮምፕሬሰር ነበር። አንዱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ ሶኬቱም እንደ ካውያ ሶኬት ነው። ሌላው በርሜል የሚያክል ሆድ ያለው፣ በጎማ የሚገፋ፣ ቀይ ነው። ባለሱቁ ትንሹን አስነስቶ ሽጉጥ የመሰለውን መርጫ እጄ ላይ አደረገው፤ ጣሳው ውስጥ ውሃ ጨመረና ካርቶን አቆመልኝ።

“አንድ ስንዝር ያህል ራቂ” አለኝ። “ከቀረብሽ ይወርዳል፣ ከራቅሽ እንጨቱ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል። እጅሽን እንደ መጥረጊያ አታወዛውዢው፤ ክንድሽ ሙሉውን ይሂድ። ጠርዙ ጋ ሳትደርሺ ጀምሪ፣ ጠርዙን ካለፍሽ በኋላ ልቀቂ።”

አደረግሁት። ውሃው ካርቶኑ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አረፈ። ባለሱቁ ሊቀመንበሩን ዞሮ “የት ነው የተማረችው?” አለው። እሱ ቀዩን እየዞረ ያይ ነበር።

እኔ ለኦቦ በኦሮምኛ ቀስ ብዬ ትንሹ ይበቃናል አልኳቸው። ለቁም ሳጥንና ለኮመዲኖ ያ ሁሉ ነፋስ ምን ያደርግልናል? እሳቸው ለሊቀመንበሩ ነገሩት።

“ይሄ?” አለ ትንሹን በእግሩ ነካ አድርጎ። “ይሄማ የሴት ፀጉር ማድረቂያ ነው። እኛ ማኅበር ነን ኦቦ፤ እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን?”

ቀዩ ተገዛ። በጭነት መኪና መጥቶ ግቢያችን ሲወርድ ተጨበጨበ። በማግስቱ የመብራት ሠራተኛ ጠርተን ሽቦውን እንዲያገናኝ ጠየቅነው። ሞተሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ብረት አንብቦ ሳቀ።

“ይሄ ሦስት ፌዝ፣ የትልቅ ሞተር መብራት ነው የሚፈልገው” አለ። “እናንተ ያላችሁ አንድ ፌዝ ነው። በዚህ አምፖል ታበሩበታላችሁ።”

“ሦስት ፌዝ ማን ጋ አለ?” አለ ሊቀመንበሩ።

“ወፍጮ ቤቱ።”

ይህን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል። ስህተት ማንም ይሠራል። ማሽኑን መልሶ በትንሹ መለወጥ ይቻል ነበር፤ ኦቦ ብለውታልም። ግን የተጨበጨበለትን ዕቃ መመለስ ለእሱ ሞት ነው። ስለዚህ ቀዩ ኮምፕሬሰር ተገፍቶ የቀበሌው ወፍጮ ቤት ገባ። ነጭ ቀለም የሚረጨው እህል በሚፈጭበት ቤት ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ።

ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ ዱቄቱ የሚያርፈው መሬት ላይ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ላይ፣ ጣራው ሥር፣ የወፍጮው ሰውዬ ቅንድብ ላይ አለ። ወፍጮው ከቆመ በኋላም አየሩ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ርጥብ ቀለም ደግሞ የነካውን ሁሉ ይይዛል። ውጭ እንዳልረጭ የአየር ቱቦው ከበሩ አያልፍም፤ በሩ ላይ ደግሞ የመንገድ አቧራ አለ። ታዲያ የሚረጨው ወፍጮው ሙሉ ቀን በማይሠራበት ጊዜ ብቻ ነው ተባለ። ወፍጮው በሕግ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ግን በሚካኤል፣ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም እህል ይዞ የሚመጣ የለም። የወፍጮው ሰውዬም በነዚያ ቀኖች ቁልፉን ሰጥቶ ቤቱ ይውላል። የማኅበሩ አባላትም እንደዚያው ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ስለ ሳይንስ ይናገራሉ፣ በአሥራ ሁለት ግን መጋዝ አይነኩም።

ሊቀመንበሩ ዞር ዞር አለና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

“አንቺ ጴንጤ ነሽ” አለ። “በዓል የለብሽም።”

ሰዉ ሳቀ። እኛ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው፤ ጴንጤ መሆን በዚያ ዘመን ለጥሩ ነገር አይጠራም። ለዚህ ሥራ ግን ተፈለገ። ሙያው ለእጄ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር። የተሰጠኝ በዓል ስለሌለኝ ነው። ቢሆንም ተቀበልኩ። መርጫውን ማን ይያዘው ማን፣ የያዘው አባል ይሆናል ተብሏላ።

መርጨቱን ወደድኩት። ይህን ካልጻፍኩ ንዴቴ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ኦቦ በዓሉን ንቀው ሳይሆን እኔን ብቻዬን ላለመተው በሩ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ሥራ ግን አይነኩም። እኔ ጎሕ ሲቀድ ገብቼ ግድግዳውን እጠርጋለሁ፣ ወለሉን በውሃ አርሳለሁ፣ አቧራው እንዲቀመጥ እጠብቃለሁ። ቀለሙን በአኳራጅ አቀጥናለሁ። ስንጥር አጥልቄ ሳወጣ መጀመሪያ እንደ ክር ወርዶ ቀጥሎ ጠብ ጠብ ማለት ካልጀመረ ገና ወፍራም ነው። ከዚያ በአሮጌ ሻሽ አጠልለዋለሁ፤ አንዲት ጓል ካለፈች የመርጫው ቀዳዳ ይደፈናል። አፍንጫዬን በሌላ ሻሽ አስሬ እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ ሲሄድ፣ ሲመለስ የፊተኛውን ግማሽ እየደረበ፣ ስስ አድርጌ። ይደርቃል፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አሻሸዋለሁ፣ እንደገና። ሦስተኛው ላይ እንጨቱ እንጨት መሆኑ ይጠፋል።

በማግስቱ እህል ይዘው የሚመጡት ሴቶች ግን እኔን ነበር የሚይዙኝ።

“ልጄ፣ ዱቄቴ አኳራጅ አኳራጅ ይላል” አለችኝ አንዷ።

“ባለቤቴ እንጀራውን ቀምሶ፣ ዛሬ የጋገርሽው እንጀራ ነው ወይስ የቀባሽው ግድግዳ አለኝ” አለች ሌላዋ። ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እውነታቸውን ነበር። ሂዱና ለሊቀመንበሩ ንገሩት ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

የጤና ጣቢያው መኪና ለአሥራ አራት ተቀጠረ። የቀሩት አራት ኮመዲኖና አንድ ቁም ሳጥን በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ሊረጩ ነበር። በዚያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ወፍጮው ሙሉ ጠዋት ጤፍና በቆሎ ሲፈጭ አረፈደ። በምሳ ሰዓት ሊቀመንበሩ መጣ።

“የወፍጮው ሰውዬ ምሳ ሲበላ አንድ ሰዓት አለሽ” አለኝ። “ጨርሺው።”

“ዱቄቱ አልተቀመጠም” አልኩ። “ለማርያም ይቆይ። ካልሆነ ይይዘዋል።”

“ምን?”

“ቀለሙ ዱቄቱን ይይዘዋል፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ወፍጮው ቆሟል እኮ።” ከኋላው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ በቅርቡ ሥራ ፈልጎ የመጣ፣ ባለ ትዳር ሰው። እሱ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አይቶ “ርጪ ብያለሁ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው” አለና ሄደ።

ረጨሁ። በዚያ ሰዓት ቀለሙ ሲያርፍ አምሮ ነበር። ከዚያ በጣራው ቀዳዳ በገባው ፀሐይ ዱቄቱ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። አራቱም ኮመዲኖዎች ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። እፍ ብዬ ላባርረው ስል የባሰ ገባበት። በማግስቱ ጠዋት ሲደርቅ መዳፌን አሳለፍኩበት፤ ብርጭቆ ወረቀት ነው የመሰለው። ዕቃው ሙሉ ስላልሆነ መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

በዚያ ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን እንደነበረው ሂስና ግለ ሂስ ነበረበት፤ ጥፋት ሲኖር አንድ ሰው ተነስቶ ራሱን ይወቅሳል፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፍረዋል፣ ይጨበጨብና ነገሩ ያልቃል። ሊቀመንበሩ “የጤና ጣቢያውን ዕቃ በተመለከተ ጓዲት ግለ ሂስ ታቀርባለች” አለ።

ተነሳሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አራት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ እሱ ነው ርጪ ያለኝ። ከፊቴ ያለው አግዳሚ ላይ የሆነውን ሁሉ የነገርኳቸው ኦቦ ሊነሱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። እኔ ግን ቶሎ ለመቀመጥ ብቻ ስል “ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ። ተጨበጨበ። ጸሐፊው ጻፈ።

ወደ ቤት ስንሄድ ኦቦ ከፊቴ ቀድመው ይራመዱ ነበር። ዞር ብለው “ለምን ዋሸሽ?” አሉኝ።

“አፈርኩ።”

“ልናገርልሽ ልነሳ ነበር። አፌን የዘጋሽው አንቺ ነሽ። እኔ አሁን ምን ልበል፣ ልጅቷ ውሸታም ናት ልበል?” ያን ያህል ተቆጥተውኝ አያውቁም። እስከ ቤቴ ድረስ አልሸኙኝም።

ያን ሁሉ ቀለም ፋቅሁት። ዱቄት ከዘይት ቀለም ጋር ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ወዲያው ይሞላና ይዶለዱማል። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ፤ እናቴ ፀጉሬን ልትሠራልኝ ስትል አንገቴ አልዞር አለ። አብረውኝ የሚያለሰልሱት ሁለቱ ሴቶች ሲመቻቸው ያግዙኝ ነበር። ከወንዶቹ ማንም አላገዘኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነዋ፣ ራሴ ብያለሁ።

በሃያ አንድ፣ በማርያም፣ እንደገና ረጨሁት። ያን ቀን ጥድፊያ አልነበረም። መኪናው መልሶ ሲመጣ ከእጃጂ አንድ ድሬሰር፣ የጤና ጣቢያው የሕክምና ረዳት፣ አብሮ መጥቶ ነበር። የቁም ሳጥኑን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው።

“ይሄ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው?” አለ።

“እዚሁ የተሠራ ነው” አለ ሊቀመንበሩ።

“ማነው የሠራው?”

“ማኅበሩ።”

እኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ገመድ እያቀበልኩ።

ሊቀመንበሩን ክፉ ሰው ነው ማለት አልፈልግም። የአንድ አባል ሚስት አርግዛ ስትታመም ራሱ ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ግን የእኔ ዓይነቱን ሰው አያይም። ቢያይም የሚያየው መርጫውን የያዘውን እጅ ነው፤ ከእጁ በላይ አይሄድም።

በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት የታዘዘ መደርደሪያ ስረጭ ዋልኩ። የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም በዓል ስለሆነ ቤቱ ነበር። በማግስቱ ጥቂት የቀረኝን በጠዋት፣ ወፍጮው ሳይነሳ ጨርሼ መርጫውን በእጄ እንደያዝኩ የማጠቢያ አኳራጅ ልወስድ ወደ ማኅበሩ መጣሁ። ቢሮው በር ላይ አዲሱ የአባላት ዝርዝር ተለጥፏል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስሜ የለም። መጨረሻ ላይ የሚስቱ ወንድም ስም አለ፤ ከስሙ አጠገብ “ቀለም ረጪ” ይላል።

ገባሁ። ሊቀመንበሩ ወረቀት ይፈርማል።

“የእኔ ስም የለም” አልኩ።

“አውቃለሁ።”

“የሚረጨው ሰው አባል ይሆናል ብለው ነበር።”

“ብዬ ነበር። ግን ቃለ ጉባኤ አለ። ዕቃውን እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብለሽ በአፍሽ ተናግረሻል፤ ተጽፏል። ዕቃ ያበላሸን ሰው ለአባልነት እንዴት ላቅርብ?”

“እሱ አንድ ቀን ረጭቶ ያውቃል?”

“ይማራላ። አንቺ ታለማምጂዋለሽ።”

“በየትኛው ቀን? በሚካኤል አይሠራም። በማርያም አይሠራም። ትናንትም ቤቱ ነበር።”

“በነዚያ ቀኖች አንቺ ትረጫለሽ፤ እንደ ወትሮው” አለ። ሲለው ምንም አልከበደውም። እንዲያውም የሚያጽናናኝ መስሎታል።

ያኔ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። “ያን ቀን ዱቄቱ አልተቀመጠም ብዬዎት ነበር” አልኩ። “ይቆይ ብዬዎት ነበር። ርጪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ኃላፊነቱ የእኔ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያበላሹት እርስዎ ነዎት፣ ማሽኑንም የመረጡት እርስዎ ነዎት። ስብሰባው ላይ ያልኩት ውሸት ነው፤ ይህንንም ያጽፉልኝ።”

ውጭ መጋዙ ቆመ። ኦቦ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ሌሎቹም አንገታቸውን አስገቡ። ሁሉም ሰምተዋል። የሰማ ሁሉ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ይጠየቅ።

“እኔ ከዛሬ ጀምሮ አልረጭም” አልኩ። “አላለማምድም። አልመጣም።”

ከመርጫው ጫፍ ነጭ ቀለም ጠብ ጠብ እያለ የቢሮውን ወለል ነካ። ሊቀመንበሩ ፊቴን አላየም፤ ወለሉን አየ፣ ቀጥሎ መርጫውን አየ። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ወደ ወረቀቱ እየተመለሰ የተናገረኝ የመጨረሻው ቃል ይህ ነው፦

“ከመሄድሽ በፊት መርጫውን አጥበሽ አስቀምጪው፤ ይደርቃል።”